ሮንዶ በአማርኛ ልክ፦ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማጣትና ስለ ባሕር ለምጽፈው ግጥም ምክራችሁን እሻለሁ

የጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ግን አንድ ግጥም ይዤ ወደፊትም ወደኋላም ማለት ስላቃተኝ ምክራችሁን ለመጠየቅ መጥቻለሁ። ግጥሙ ስለ ፍቅር፣ ስለ ማጣትና ስለ ባሕር ነው፤ ቅርጹ ደግሞ ፈረንሳዮች ሮንዶ የሚሉት ነው።

ቅርጹን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጽ። ሮንዶ ዐሥራ አምስት መስመር ሲኖረው፣ በመጀመሪያው አርኬ (የስንኞች ክፍል) አምስት፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ስድስት ሆኖ ይከፈላል። ከዳር እስከ ዳር የሚመታው በሁለት ቤት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ የፊተኛው ግማሽ በዘጠነኛውና በዐሥራ አምስተኛው መስመር ላይ አዝማች ሆኖ ይመለሳል፤ ይህ አዝማች ከሌሎቹ ጋር ቤት አይመታም፣ ብቻውን ይቆማል። ቅርጹን የመረጥሁት ልናገረው የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነና ያም ነገር ደጋግሞ ስለሚመጣብኝ ነው።

ጅማሬዬ የሚከተለው ነው።

ማዕበሉ ሲጮህ ልቤ ይጨነቃል፣
ሰማያዊው ባሕር ፍቅሬን ያስታውሳል፤

የቀሩትን ስንኞች እዚህ ለማስፈር አፍሬያለሁ። አዝማቹ ዘጠነኛው መስመር ላይ ሲደርስ ምንም አይልም፤ ዐሥራ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ግጥሙ ያላለቀ ይመስላል። ችግሩ የቅርጹ ነው ወይስ የእኔ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ከምሽቱ 4፡05

እኅቴ የጦሳ ሥር፣ ጥያቄዎ በዕድሜዬ ማምሻ ደስ ከሚያሰኙኝ ጥያቄዎች አንዱ ነውና ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሮንዶ በመነሻው የጭፈራ ዘፈን ነበር፤ ስሙም ከክብና ከመዞር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት መሪው ይገጥማል፣ ክብ ሠርቶ የቆመው ሰው አዝማቹን ይቀበላል። በዚያ ዘመን አዝማቹ ሙሉ ስንኝ፣ አንዳንዴም ሁለት ስንኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1377 የሞተው ባለቅኔና የዜማ ደራሲ ጊዮም ደ ማሾ የጻፋቸው ሮንዶዎችም እንዲህ ያሉ ናቸው። አዝማቹ ወደ ግማሽ ስንኝ ያጠረው ቆይቶ ሲሆን፣ ጸሐፊዎች ብራናና ድካም ለመቆጠብ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ በምልክትነት ስለሚያሰፍሩ ነው ይባላል። የስንፍና ልጅ ውብ ሆኖ ሲያድግ እንዲህ ነው!

አሁን ወደ እርስዎ ስንኞች ልምጣ። በእኛ ግጥም የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም፣ ማለትም ሲነበብ በአንድነት የሚወጣው ድምፅ ነው፤ «ሲጮህ» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ቢሆንም ሲነበብ ሁለት ቀለም ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው ሳድስ ከፊተኛው ጋር ተውጦ ያርፋልና። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ስንኝዎ አምስትና ስድስት፣ ሁለተኛው ስድስትና ስድስት ሆኗል። ሁለተኛው ስድስት በስድስት የሚመታው የወል ቤት የሚባለው ነው፤ የመጀመሪያው ግን ማንንም አይመስልም። የፈረንሳዩ ሮንዶ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ወይም ዐሥር ቀለም ይዞ ይሄዳል። ዐሥር ቀለም ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አምስት በአምስት የሚመታው ሰንጎ መገን ያው ዐሥር ቀለም ነው። ከዚህም የሚበልጥ ዕድል አለን፤ የአማርኛ ስንኝ በተፈጥሮው በሁለት ሐረግ ተከፍሎ፣ መሐሉ ላይ ትንፋሽ ተወስዶ ስለሚነበብ፣ አዝማቹን ከየት እንቁረጠው ብለን አንጨነቅም፣ ስንኙ ራሱ የሚቆረጥበትን ቦታ ያሳየናል።

ዋናው ስሕተትዎ ግን ሌላ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ የሚዘጋ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሐረግ ብዙ ጊዜ ያላለቀ ነገር ይሆናል። «ማዕበሉ ሲጮህ» ብሎ ያቆመን ሰው ሰሚው «እሺ፣ ሲጮህ ምን ሆነ?» ይለዋል። አዝማቹ ብቻውን ቆሞ አርኬ መዝጋት ስላለበት፣ በአምስት ቀለም ውስጥ ተፈጽሞ የሚያድር፣ በግሥ የሚዘጋ ንግግር መሆን ይኖርበታል። ፈረንሳዮች በስም ወይም በተውላጠ ስም ጀምረው ቢተዉት ያምርባቸዋል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ይንጠለጠላል።

ስለ ቤት መምቻውም አንድ ነገር ልጨምር። ሮንዶ በአንደኛው ቤት ስምንት፣ በሁለተኛው አምስት መምቻ ይፈልጋል። «ይጨነቃል፣ ያስታውሳል» ብለው ከጀመሩ በአንድ ቀን ሃምሳ ማግኘት ይችላሉ፤ የሁሉም ግሥ ጅራት አንድ ነውና። ነገር ግን ስምንት ጊዜ «ል» ላይ መድረስ ቤት መምታት መሆኑ ይቀርና በር መደብደብ ይሆናል። ስሙንም፣ ግሡንም፣ የቦታ ስሙንም ቀላቅሎ የሚሰጥ ፊደል ይፈልጉ፤ ለምሳሌ «ራ» እንጀራም፣ ጋራም፣ ፈራም፣ አደራም ይሰጥዎታል።

ገራዶ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡20

ጋሼ ቦርከና ያሉትን በሙሉ በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ቢሆንም ከመነሻው የማልስማማበት ነገር አለኝ። በቅኔው ጉባኤ ቃናን በሁለት ቤት፣ መወድስን በስምንት ቤት የሚያበጅ፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሙሾ አውራጅ ሳይጽፍ ሳያነብ ቆሞ የሚገጥም ሕዝብ፣ ለሐዘኑ የፈረንሳይ ቤት የሚከራየው ለምንድን ነው? ከዚህም ሌላ እኅታችን ደሴ ተቀምጣ ስለ ሰማያዊ ባሕር ትጽፋለች። ከደሴ ሆኖ የሚታየው የጦሳ ተራራ ነው። ያላየነውን ነገር ስንገጥም የምንገጥመው የሌላ ሰው ግጥም ያየውን ነው፤ «ሰማያዊው ባሕር»ም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ቅር አይበልሽ፣ እኅቴ፤ ለማስከፋት ብዬ አይደለም።

የጦሳ ሥር፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡55

ጋሼ ቦርከና፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ በአንድ ምሽት ያስተማሩኝ በሦስት ሳምንት ከታገልሁት ይበልጣል።

ወንድሜ ገራዶ፣ አልከፋኝም፤ ባሕር አላየሁም። ሆኖም ባሕር ለእኛ ሩቅ ነው መባሉን አልቀበልም። ውጭ አገር የሄደን ሰው፣ በአውሮፕላን ቢሄድ እንኳ፣ «ባሕር ማዶ» ነው የምንለው። በምኒልክ ዘመን ከውጭ ገብቶ ዛሬ ጦሳን ያለበሰውን ዛፍ ባሕር ዛፍ ብለን የሰየምነው እኛው ነን፤ ማታ ማታ ነፋስ ሲነካው መስኮቴ ድረስ የሚመጣ ድምፅ አለው፣ ልጅ ሳለሁ የባሕር ድምፅ ይህ ይመስለኝ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝም እርሱን ሳይሆን አይቀርም። ስድስት ዓመት ሆነው። እጮኛዬ ሥራ ካጣ በኋላ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች በሚሄዱበት መንገድ፣ በአፋር አቋርጦ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር ወጣ፤ ሐሳቡ ሳዑዲ ገብቶ ሁለት ዓመት ሠርቶ መመለስ ነበር። ሳይነግረኝ ነው የሄደው፤ ነግሮኝ ቢሆን እንደማለቅስና እንደማስቀረው ያውቃል። የሚሻገሩበት ወሽመጥ ባብ ኤል መንደብ ይባላል፤ በጠባቡ በኩል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ ከደሴ ሐይቅ ከተማ ደርሶ እንደ መመለስ እንኳ አይሆንም። ስሙ በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። የጎረቤት ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው በሁለት ቃል ነበር፤ ባሕሩ ወሰደው። ከዚያ በላይ መናገር አልችልም ነበር። በግጥሙ ውስጥ ማዕበልና ሰማያዊ ቀለም የደረደርሁት ምናልባት ይህን ላለመጻፍ ይሆናል።

ገራዶ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡30

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኅቴ። ስለ ባሕሩ የተናገርሁትን አንስቻለሁ። ስለ ፈረንሳዩ ቤት የተናገርሁት ግን ባለበት ይቆይ።

ቦርከና፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡15

እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ ልጄ። የመምህርነት አመሌ ሆኖብኝ ሐዘንዎ መካከል ቀለም ስቆጥር ብገኝ አይቀየሙኝ፤ ነገር ግን ሳያውቁት ጽፈውታል። «ባሕሩ ወሰደው» ሲነበብ ባሕ፣ ሩ፣ ወ፣ ሰ፣ ደው፤ አምስት ቀለም ነው። በግሥ የተዘጋ ነው። ብቻውን ይቆማል። ሦስት ሳምንት የፈለጉት አዝማች ለጎረቤት ሲመልሱት የኖሩት ቃል ነው።

ደግሞም በ«ወሰደው» መጨረሻ ያለችውን «ው» ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ሲነበብ «እርሱን» ትላለች። ነገር ግን በአማርኛ ሌላ ተባዕት ነገር ሁሉ በዚያችው «ው» ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ቃልም፣ ዕድልም፣ ልብም። የሮንዶ ጥበብ አዝማቹን መድገም ብቻ አይደለም፤ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ትርጉሙ በየመመለሻው እንዲለወጥ ማድረግ ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይሆንበትም፤ ገራዶም ቤቱን መከራየታችንን ትተህ የገባንበትን ዕቃ እይልን።

የቃሉዋ (ከቃሉ)፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡10

አብሽሪ፣ እታለም። አላህ ያጽናሽ፤ እኔም ከእኅቴ ልጆች አንዱን በዚያው በባሕር የሸኘሁ ነኝ፤ ስለዚህ የምትዪው ይገባኛል።

ስለ ግጥም ትምህርት የለኝም፤ መንዙማ (የእስልምና ውዳሴ ዜማ) ሲባል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሐድራ፣ መንዙማና ዱዓ የሚደረግበት ስብስብ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያደግሁት። እናንተ ሮንዶ የምትሉትን ሳነብ የታየኝ ያ ነው። መሪው ግጥሙን ያወርዳል፣ ድቤው ይመታል፣ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አዝማቹን ይቀበላል። መሪው እስኪመለስ ድረስ አዝማቹ የሕዝብ ነው፤ ያኔ መሪው ውኃ ይጎነጫል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ የሚቀጥለውን ያስባል። አንዳንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች አሮጊት አዝማቹን ስትቀበል እርሷ የራሷን ነገር እያሰበች እንደሆነ ድምፅዋ ያስታውቃል። ቃሉ አንድ ሆኖ በሰው ብዛት ይለያያል።

ስለዚህ አንቺ አዝማቹን ሦስቱንም ጊዜ በራስሽ አፍ የምትዪው ለምንድን ነው? መሐል ላይ ያለውን ለተቀባይ ስጪው። አንቺ ጠይቂ፣ ሌላ ሰው ይመልስልሽ። ያን ቃል መጀመሪያ የሰማሽውም ከሰው አፍ አይደለም ወይ?

ሐይቅ ዳር፣ ረቡዕ ከቀኑ 9፡00

እኔ የምኖረው ስሜ እንደሚለው ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ካለው ሐይቅ አጠገብ። ስለ ግጥሙ ቅርጽ ጋሼ ቦርከና ከተናገሩት የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ውኃው ግን የምለው አለኝ።

የእኛ ሐይቅ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከላዩ ወንዝ አይወጣበትም። ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ውኃ ይገባል፣ ክረምት ከየጋራው የሚወርደው ጎርፍ ይገባል፤ የሚሄድበት መንገድ አይታይም። አባቶች ሲተርኩ ደግሞ እዚህ ቦታ ላይ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ግፍ ተፈጽሞ፣ ምድሩ ሁሉ ውኃ ሲሆን ሴትዮዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላሉ። በዚያ ደሴት ላይ፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር በሆነው ላይ፣ በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። በሴት ምክንያት ተረፈ የሚባለው መሬት ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ይህን ግን በቅንፍ ያዙልኝ።

ይህን ያነሣሁት መምህርት ባሕር ለማየት አሰብ ድረስ መሄድ እንደማያስፈልጋት ለመናገር ነው። ሴቶች ስለታቸውን ይዘው እስከ ውኃው ዳር ይመጣሉ፣ ከዚያ አያልፉም፤ ጧፍ ያበራሉ፣ ነፋሱ እንዳያጠፋው በነጠላቸው ጫፍና በመዳፋቸው ይከልሉታል። ከጀርባ ሲታዩ ሕፃን ያቀፉ ይመስላሉ። ወደ ውኃው የሚያዩት ግን ማዶ እንዳለው ነገር ነው።

የባቲ ልጅ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

እኔ ክራር ተጫዋች ስለሆንሁ የማነበው ሁሉ ወደ ዜማ ይሄድብኛል። አምስት በአምስት ከሆነ ለመዜም ይመቻል። የትውልድ ቦታዬን ስም የያዘው ቅኝት ግን ለዚህ ግጥም አይሆንም፤ ባቲ ለናፍቆት ያምራል፣ የተቆረጠ ተስፋን ሲይዝ ግን ይቅለበለባል። አምባሰል ይሻላል ባይ ነኝ። ትዝታ ደግሞ በጣም ስለተለመደ ሰሚው ቃሉን ሳይሰማ ያለቅሳል።

አንድ ሌላ ነገር። ሰኞ ሰኞ ገበያችን ሲቆም ከቆላም ከደጋም የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ፣ የጠፋ ዘመድ ያለው ሰው ዓይኑን ከሰው ፊት ላይ አያነሣም። እናቴ ጨው ስትገዛ እንኳ ሚዛኑን አታይም ነበር፤ ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ። ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

ቦርከና፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡45

ግጥሙን እየጠበቅን ሳለ ገራዶ ላነሣው ጥያቄ አንድ መልስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1415 በአዠንኩር ጦርነት ተማርኮ ሃያ አምስት ዓመት በእንግሊዝ የታሰረ ሻርል የሚባል የኦርሌያን መስፍን ነበር። በምርኮ ላይ ሳለ ባለቤቱ በአገሯ ሞተችበት። ከዶቨር ዳርቻ ቆሞ የማዶውን የፈረንሳይን ምድር እያየ የጻፈው ግጥም አለ፤ እርሱ ግን ሮንዶ አይደለም፣ ባላድ የሚባል ሰፋ ያለ ቅርጽ ነው። አብዛኞቹን ሮንዶዎች የጻፋቸው በ1440 ተፈቶ አገሩ ከገባ በኋላ ነው። ምክንያቱን እንደ እኔ ከጠየቃችሁኝ፣ በምርኮ ያለ ሰው የሚናገረው ይበዛበታል፤ የተመለሰ ሰው ግን አንዲት ነገር ላይ ይዞራል። ሌላው በሰፊው የሚታወቀው ሮንዶ የተጻፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ወዳጁን በቀበረ አንድ ካናዳዊ የጦር ሐኪም እጅ ነው። ስለዚህ ይህ ቤት የፈረንሳዮች ነው ማለት ከቀረ ቆይቷል፤ ሟች ያለበት ሁሉ ሲከራየው ኖሯል።

የጦሳ ሥር፣ ዓርብ ከምሽቱ 3፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሐሙስ ምሽት እስከ ዛሬ ንጋት ድረስ ተቀምጬ የሠራሁት ይኸው። «ራ»ን ለአንደኛው፣ «ሜ»ን ለሁለተኛው ቤት መምቻ አድርጌአለሁ። መሐሉን አዝማች የቃሉዋ እንዳሉት ለተቀባይ ሰጥቼዋለሁ፤ «እታለሜ» የሚለውም ከእርሳቸው አፍ የተወሰደ ነው፣ ይፍቀዱልኝ።

ባሕሩ ወሰደው የቤቴን ጮራ፣
ሳይነግረኝ ወጥቶ ከጓዱ ጋራ፤
ተኝቼ ነበር ይዤው በሕልሜ፣
ስነቃ ባዶ ቀረሁኝ ቆሜ፤
ነፋስ ነው እንጂ ማንም አልጠራ።

ሐይቁ ዳር ሄጄ ጧፌን ሳበራ፣
እናቱ ደግሞ ዱዓ በሐድራ፣
መልሱ አንድ ነበር፦ «አይ፣ እታለሜ፣
ባሕሩ ወሰደው።»

ባቲ ገበያ ሰኞ ሲደራ፣
ከሰው መካከል ዓይኔ ሲያጣራ፣
አንድ ጀርባ አየሁ፣ ተናጠ ደሜ፤
ሲዞር ሌላ ነው፣ ጠፋብኝ ስሜ፤
የጠበቀውን ልቤን በተራ
ባሕሩ ወሰደው።

በጣም ያስቸገረኝ ዐሥራ አራተኛው ስንኝ ነበር። መጀመሪያ በራሱ የተፈጸመ ስንኝ አድርጌው ነበርና አዝማቹ እንደ ቅጥያ ከኋላው ተንጠልጥሎ ቀረ። ጋሼ ቦርከና ስለ «ው» የተናገሩት ትዝ ሲለኝ ገልብጬ ሞከርሁት፤ ተሳቢውን ከፊት አስቀድሜ ግሡን ለአዝማቹ ተውሁለት። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ መጀመሪያ እንቅፋት ሆኖብኝ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን እርሱው አዳነኝ።

ገራዶ፣ ዓርብ ከምሽቱ 5፡10

ሁለት ነገር ልናገርና ልተኛ። የመጀመሪያው፣ «ቀረሁኝ ቆሜ» የሚለውን አንብቤ ስልኩን አስቀመጥሁት። ሰሙ በሩ ላይ ቆማ መቅረቷ ነው፤ ወርቁን ደግሞ «ቆሞ ቀር» እየተባለች ከሠርግ ቤት ጥግ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ይህ ከፈረንሳይ አልመጣም፤ ስለዚህ ግማሽ ተሸንፌአለሁ።

ሁለተኛው፣ ጧፍ የምታበራው ልጅና ሐድራ የተቀመጠችው እናት በአንድ አርኬ ውስጥ መግባታቸው ለሌላ አገር አንባቢ ግራ ያጋባ ይሆን? ለማሳመር የተደረገ እንዳይመስል እሰጋለሁ።

የቃሉዋ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1፡30

ገራዶ ወንድሜ፣ ለሌላ አገር አንባቢ ብለን ወሎን እናስተካክል እንዴ? የእኔ አያት እስላም፣ የእናቴ አክስት ክርስቲያን ነበሩ፤ ልጅ ሲታመም ወዳጃም (የዱዓ ስብስብ) ይደረጋል፣ ጠበልም ይቀዳል፣ ማንም ማንን አይጠይቅም። ያ አርኬ እንዳለ ይቆይ።

እታለም፣ ግጥሙን ለልጁ እናት አንብቢላት። ሳትሰማው በየስልኩ ሲዞር ብታገኘው ያስቀይማታል።

ቦርከና፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡00

አንዲት የሽማግሌ ጭቅጭቅ ትፈቀድልኝ። በዐሥራ አንደኛው ስንኝ «ዓይኔ ሲያጣራ» የሚለው አምስት ቀለም የሚሆነው «ሲያ»ን እንደ አንድ ድምፅ ጠቅልለን ካነበብነው ነው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ስድስት ያደርገዋል። «ዓይኔ ስታጣራ» ማለት ይቻል ነበር፤ እርሱም ግን ስድስት ነው። ሌላ መውጫ ስላላገኘሁ አንባቢው ጠቅልሎ ያንብብ። «ተናጠ ደሜ» ደግሞ እውነትም እንደ ቅል ውስጥ ወተት ነው፤ አትንኩት። የባቲ ልጅ እናት ሚዛኑን አለማየታቸው ግጥሙ ውስጥ አለመግባቱ ግን ቆጭቶኛል።

የጦሳ ሥር፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡20

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ወደ እርሷ ሄጄ ነበር። ቡና አፍልታ፣ ዕጣን አጢሳ ጠበቀችኝ፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ አነበብሁላት። እስኪያልቅ ድረስ ስኒውን ይዛ ሳትጠጣ ሰማችኝ። ስለ ልቤም፣ ስለ ገበያውም፣ ስለ ሐድራውም አንድ ቃል አልተናገረችም። «መጀመሪያውን መልሽው» አለችኝ፤ መለስሁት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እጇን አነሣች።

«ከጓዱ ጋራ አልሄደም» አለች። «ከእርሱ ጋር ሁለት ነበሩ። አንዱ የወረባቦ ልጅ ነው፤ እናቱ ዛሬም ትደውልልኛለች። ሌላው አባት የለውም። አንዱን ቆጥረሽ አንዱን አትተዪ።»

ማታ ቤት ገብቼ ቆጠርሁት። «ከጓዶቹ» ብለው ስድስት ይሆንብኛል፤ «ከሦስት» ብል አራት፣ ቁጥሩም ስሕተት። ጋሼ ቦርከና፣ በዚህ መልኩ አምስት መጥቶልኛልና ከተስማሙ ሁላችሁም በያዛችሁት ቅጂ ላይ ሁለተኛውን ስንኝ እንዲህ አስተካክሉልኝ፦

ሳይነግረኝ ወጥቶ ከሁለት ጋራ፤